ብሌድ፣ ቦሂኝ ወይስ ሶቻ? ስሎቬኒያን ሳንጎዳ ለመጎብኘት የቱን እንምረጥ?

ስሎቬኒያ በጣሊያን፣ በኦስትሪያ፣ በሃንጋሪና በክሮኤሺያ መሀል ያለች ትንሽ አገር ናት። ስፋቷ ከ20 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም። ሕዝቧ 2.1 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከመሬቷ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደን ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ግን ሆቴሎቿና ማረፊያ ቤቶቿ፣ የአገሬውን ሰው ጨምሮ፣ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንግዳ መዝግበዋል። ይህ ሁሉ ሰው አገሪቱ ላይ እኩል ቢበተን ባልከፋ ነበር። ችግሩ አብዛኛው በጁላይና በኦገስት፣ ያውም ጥቂት ሐይቅና ሸለቆ ላይ መከማቸቱ ነው።

ቪየና፣ ሙኒክ ወይም ሚላን ለሚኖር ወገናችን ስሎቬኒያ የባቡር ጉዞ ናት። ከአዲስ አበባ ለሚነሳም ሩቅ አይደለችም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቪየናም ሚላንም ይበርራል፣ ከዚያ በባቡር መቀጠል ይቻላል። ስለዚህ «ስሎቬኒያ ልሄድ ነው፣ የቱ ይሻላል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ብሌድ በቱሪስት ታጭቋል፣ ቦሂኝ ሂድ» የሚል ነው። ሁለቱም ሐይቆች ናቸው። እኔ በዚህ ምክር አልስማማም፣ ቢያንስ እንዲሁ በጅምላ ሲሰጥ። ቦሂኝ ያለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። የብሌድን ግፊት ወደ ፓርክ ማዛወር መፍትሔ ሊሆን አይችልም።

ከውበት በፊት ሁለት ነገር አስቡ። ስንት ሌሊት አላችሁ? መኪና ይዛችሁ ነው ወይስ ያለ መኪና? ምርጫውን በአብዛኛው የሚወስኑት እነዚህ ናቸው።

ብሌድ፦ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ላለው

የብሌድ ሐይቅ ርዝመቱ 2 ኪሎ ሜትር አለፍ ቢል ነው። መሀሉ ላይ ደሴት አለች፤ ደሴቷ ላይ በፍልሰታ ለማርያም ስም የተሰየመች ቤተ ክርስቲያን። ዳር ላይ ደግሞ ገደል አፋፍ የተሠራ ጥንታዊ ግንብ ቁልቁል ይመለከታል። የጣናን ገዳማት የሚያውቅ ሰው ወዲያው ልቡ ይሄዳል።

ወደ ደሴቷ የሚያሻግረው ፕሌትና የሚባል ጀልባ ነው። ሆዱ ዝርግ ነው፣ ላዩ ላይ የጨርቅ ጥላ አለው። ቀዛፊው ከኋላ ቆሞ በሁለት ረጃጅም መቅዘፊያ ይገፋዋል። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው። ሐይቁ ላይ የቤንዚን ሞተር ክልክል ስለሆነ የሚሰማው የመቅዘፊያው ድምፅና የሰው ወሬ ብቻ ነው። ከጀልባ ስትወርዱ 99 ደረጃ ይጠብቃችኋል። በአገሬው ልማድ ሙሽራው ሙሽሪትን ተሸክሞ ነው የሚወጣው።

ውኃው ግን የታመመ ውኃ ነው። ብሌድ በተፈጥሮው የሚገባለት ወንዝ አነስተኛ ነው፤ ውኃው ቶሎ አይታደስም። ባለፈው ክፍለ ዘመን ከሰፈርና ከእርሻ የገባው ቆሻሻ ውኃውን አዳበረውና አልጌ ወረረው። ጣና ላይ እምቦጭን ያፋፋውም እንዲህ ያለው ከየብስ ታጥቦ የሚገባ ንጥረ ነገር ነው። ብሌድ ላይ ምን ተደረገ? በ1960ዎቹ ከራዶቭና ወንዝ ንጹሕ ውኃ በቧንቧ ወደ ሐይቁ ተሳበ። በኋላ ደግሞ ኦክስጅን ያጣውን የታችኛውን ውኃ ከሥሩ እየመጠጠ የሚያስወጣ ትልቅ ቱቦ ተገጠመለት። ሐይቁ እስከ ዛሬ በዚህ እርዳታ ነው የሚኖረው።

ታዲያ ለምን ብሌድ ሂዱ እላለሁ? ከተማው ለብዙ ሰው የተሠራ ስለሆነ ነው። የፍሳሽ መስመር አለው። ሐይቁን የሚዞረው 6 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የተደላደለ ነው። ከስዊዘርላንድ የመጣው አርኖልድ ሪክሊ የፀሐይና የውኃ ሕክምናውን እዚያ ከጀመረበት ከ1850ዎቹ አንስቶ እንግዳ ለምዷል። እግረኛ ሲጨመርበት ብዙም አይጎዳም። የሚያንቀው መኪና ነው፣ በተለይ ለሦስት ሰዓት መጥቶ፣ ሰልፊ ተነሥቶ፣ ወደ ዋና ከተማዋ ሉብሊያና ወይም ወደ ቬኒስ የሚመለሰው። ይህ እንግዳ መንገዱን ይዘጋል፣ አየሩን ይበክላል፣ ለከተማው የሚተወው ገንዘብ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ስለዚህ ብሌድን ከመረጣችሁ እደሩበት። ሐይቁን በማለዳ ዙሩት፤ ቱሪስት የጫኑት አውቶቡሶች ሳይመጡ። ቀን ላይ ሌላ ቦታ ሂዱ፣ ማታ ተመለሱ። ዋና ከዋኛችሁ በተፈቀደው ቦታ ዋኙ፣ ልትገቡ ስትሉ ደግሞ የፀሐይ ቅባት አትቀቡ። ለዳክዬና ለዝዬ ዳቦ አትጣሉ፤ የበሰበሰ ዳቦ ለአልጌው ማዳበሪያ ይሆናል። ክሬምሽኒታ የሚባለውን የክሬም ኬክ ግን ሳትቀምሱ እንዳትመለሱ፤ ከ1953 ጀምሮ የከተማው መታወቂያ ነው። ኦገስት 15 የፍልሰታ በዓላቸው ስለሆነ አገሩ ሁሉ ዕረፍት ይወጣል። ያንን ሳምንት ዝለሉት።

ቦሂኝ፦ ከሦስት ሌሊት በላይ ላለው፣ ያለ መኪና

ቦሂኝ የአገሪቱ ትልቁ ቋሚ የተፈጥሮ ሐይቅ ነው። ርዝመቱ 4 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 45 ሜትር ይደርሳል። ከተራራው የሚወርደው የሳቪትሳ ውኃ በዓመት ሦስት ጊዜ ያህል ስለሚያድሰው ከብሌድ የጠራ ነው። ዳርቻው ላይ ትልልቅ ሆቴል አልተደረደረም። ጫካው እስከ ውኃው አፍ ይወርዳል። ከሁለቱ እኔ የምወደው ይህን ነው። በዚህም ምክንያት ነው ዝም ብላችሁ ሂዱ የማልለው።

ቦሂኝ የትሪግላቭ ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። ፓርኩ የአገሪቱ ብቸኛ ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ከመሬቷ 4 በመቶ ገደማ ይሸፍናል። ወደ ሐይቁ የሚገባው ሸለቆ ጠባብ ነው፣ መንገዱም ጫፍ ላይ ያልቃል። በበጋቸው፣ በጁላይና በኦገስት፣ ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ገብቶ ፓርኪንግ ሲያጣ ሣር ላይ ይወጣል። ሣሩን ግን ባዶ ሜዳ አድርጋችሁ አትዩት። ገበሬው ለከብቱ ድርቆሽ የሚያጭድበት መስክ ነው። የአልፕስ አበቦች በብዛት ያሉት እንዲህ በየዓመቱ የሚታጨድ መስክ ላይ ነው፣ ንቦቹም የሚቀስሙት ከእነሱ ነው። ጎማ አንዴ የጨፈለቀውን አፈር ሥር ለመመለስ ዓመታት ይፈጅበታል።

ለዚህ ነው «ያለ መኪና» የምለው። ደግሞም ይቻላል። ከየሴኒትሴ ተነሥቶ ወደ ኖቫ ጎሪትሳ የሚሄደው ባቡር በብሌድ ዳር አልፎ ቦሂኝስካ ቢስትሪትሳ ይቆማል። ከዚያ ሐይቁ በአውቶቡስ አጭር መንገድ ነው። መስመሩ የተከፈተው በ1906፣ በኦስትሪያ-ሃንጋሪ ዘመን ነው። ከጣቢያው ቀጥሎ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ወደ ሶቻ ሸለቆ ይወጣል። አንዳንድ ጊዜ ለጥገና ስለሚዘጋና በአውቶቡስ ስለሚተካ ከመነሣታችሁ በፊት ሰዓቱን አረጋግጡ። ቦሂኝ ለሚያድሩ እንግዶች የትራንስፖርት ካርድ አለ። አዳሪውን ለምን እንደሚያስቀድሙ ግልጽ ነው፦ የሚያድር ሰው ገንዘቡን እዚያው ይተዋል፣ መኪናውን ደግሞ ያቆማል።

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ቦሂኝን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ለአራት ሰዓት ብሎ ፓርክ ውስጥ መግባት ለእናንተም ለቦታውም አይጠቅምም።

ሶቻ፦ ውኃ ላይ መውጣት ለሚፈልግ

ሶቻ ቀለሙ ሰማያዊም አረንጓዴም የሚመስል የተራራ ወንዝ ነው። ራፍቲንግና ካያክ የሚፈልግ ወጣት ብሌድ ምን ያደርግለታል? በቀጥታ ወንዙ ዳር ወዳሉት ከተሞች፣ ቦቬትስ ወይም ኮባሪድ፣ ይሂድ። ግን ወንዙ ሕግ አለው። ጀልባ የሚገባውና የሚወጣው በተመደበለት ቦታ ብቻ ነው፣ ሰዓቱም የተወሰነ ነው፣ ፈቃድም ይከፈልበታል።

ይህ ሁሉ ለምን? ዋናው ምክንያት አንድ ዓሣ ነው። «እብነ በረድ ትራውት» ይሉታል፣ ቆዳው ላይ እንደ እብነ በረድ የተዘበራረቀ መስመር ስላለው። ከሌላ ቦታ መጥቶ ከተለቀቀ ትራውት ጋር እየተዳቀለ ንጹሑ ዝርያ ሊጠፋ ጫፍ ደርሶ ነበር። በሩቅ ገባር ወንዞች ላይ ጥቂት ሳይዳቀል ተገኘና ከእሱ እየተረባ እንደገና ወደ ሶቻ ተመለሰ። እንቁላሉን የሚጥለው ጠጠር ውስጥ ነው። በየቦታው ጀልባ እየጎተተ ጠጠሩን የሚያምስ ሰው የሚረግጠው ያንን ነው። አስጎብኚ ስትመርጡ በዋጋ ብቻ አትወስኑ። ቡድኑ ስንት ሰው ነው? ፈቃዱ በዋጋው ውስጥ ተካትቷል? ከየት ገብተን የት እንወጣለን? ቁርጥ ያለ መልስ የማይሰጥ አስጎብኚ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ከሌላ ወንዝ የመጣ ጫማና ልብስ ካላችሁ ደግሞ በደንብ አድርቁት።

ወደ ሶቻ የሚያስገባው ዝነኛ መንገድ የቭርሺች መተላለፊያ ነው። ከፍታው 1,611 ሜትር፣ ጥምዝምዙ 50 ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሩሲያ ምርኮኞች ናቸው የሠሩት። በ1916 ብዙዎቹ በበረዶ ናዳ አለቁ፣ መታሰቢያቸው ትንሽ የእንጨት ጸሎት ቤት መንገዱ ዳር ቆማለች። በበጋ ከክራንስካ ጎራ ተነሥቶ በዚህ መንገድ የሚያልፍ አውቶቡስ አለ። ሾፌሩ ይንዳ፣ እናንተ በመስኮት እዩ። መሪ ለሚያዞር ሰው ተራራው አይታየውም።

ሎጋር ሸለቆ፦ መኪና የግድ ለሆነበት

ትንንሽ ልጆች፣ ብዙ ሻንጣ፣ ወይም መራመድ የሚከብደው ሰው ይዞ መኪና የግድ የሚሆንበት ቤተሰብ አለ። እሱን አልወቅስም። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሎጋር ሸለቆ ቢሄድ ይሻለዋል። ሸለቆው ከ1987 ጀምሮ የተጠበቀ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባ መኪና ይከፍላል። መጨረሻው ላይ 90 ሜትር ገደማ የሚወረወረው የሪንካ ፏፏቴ አለ። የገበሬ ቤቶች እንግዳ ያሳድራሉ፣ ከራሳቸው ከብትና ጓሮ ያበላሉ። መኪናችሁን አንዴ አቁሙና ቁልፉን እርሱት።

ይህ አካባቢ በኦገስት 2023 ስሎቬኒያን ከመታው ከባድ ጎርፍ አላመለጠም። መንገድና ድልድይ ተወስዷል። እዚያ ስታድሩ የምትከፍሉት ገንዘብ ኑሯቸውን እንደገና ለሚያቆሙ ሰዎች በቀጥታ ይደርሳል።

ትሪግላቭን መውጣት ወይስ መዞር?

የአገሪቱ ትልቁ ተራራ ትሪግላቭ 2,864 ሜትር ነው። ምስሉ ባንዲራቸው ላይ አለ። ስሎቬናዊ የሆነ ሁሉ በዕድሜው አንዴ ሊወጣው ይገባል ይላሉ። እንግዳውም ይህን ሰምቶ ይከተላል። በኦገስት ቅዳሜና እሑድ ጫፉ ላይ ሰው ወረፋ ይይዛል።

ከጫፉ ሥር የበረዶ ግግር ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ከ40 ሄክታር በላይ ይሸፍን እንደነበረ ይገመታል። ተመራማሪዎች በየዓመቱ መከታተል የጀመሩት በ1946 ሲሆን ያኔ ወደ 14 ሄክታር ወርዶ ነበር። አሁን አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም። ይህ የመጣው ከዓለም ሙቀት ነው፣ ተራራ የወጣው ሰው አላቀለጠውም። የወጪው ሰው ጉዳት ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ተራራው ኖራ ድንጋይ ነው። የስንጥቁ ብዛት አይጣል ነው። ላይ የፈሰሰ ነገር በአፈር ሳይጣራ በስንጥቁ ሰርጎ ታች ባለው ምንጭ ይወጣል። ያ ምንጭ ደግሞ የሰው መጠጥ ነው። ስሎቬኒያ በ2016 ንጹሕ የመጠጥ ውኃ የማግኘት መብትን ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ያስገባች አገር ናት። ታዲያ ላይ ባሉት የተራራ ማደሪያ ቤቶች ውኃ ከዝናብና ከበረዶ ነው የሚጠራቀመው፣ ምግብና ነዳጅ በሄሊኮፕተር ወይም በጭነት ገመድ ነው የሚወጣው። እዚያ ሻወር መጠየቅ አይገባም። ቆሻሻችሁን፣ የተጠቀማችሁበትን ሶፍት ሳይቀር፣ ይዛችሁ ውረዱ። ላይ ባሉት ትንንሽ ሐይቆች አትዋኙ። አንዳንዶቹ ሰው ዓሣ ስለለቀቀባቸው ብቻ ጥራታቸው ተበላሽቷል፤ ተጨማሪ ሸክም አይችሉም። ፓርኩ ውስጥ ከተፈቀደ ካምፕ ውጪ ድንኳን መትከልና እሳት ማንደድ ክልክል ነው፣ ድሮንም እንደዚያው።

የእግር ጉዞ ለሚወድ ሌላ ምርጫ አለ። በ2019 የተከፈተው የዩሊያና መንገድ ተራራውን ሳይወጣ ዙሪያውን ይሄዳል። ዋናው ዙር 270 ኪሎ ሜትር ሲሆን በ16 ቀን ጉዞ ተከፍሏል። የተነደፈውም ሆን ተብሎ ሰውን ከጫፉ ወደ መንደሮቹ ለማውረድ ነው። ሁሉንም መሄድ የለባችሁም። ሁለት ሦስቱን መርጣችሁ፣ በየመንደሩ እያደራችሁ፣ በባቡር መመለስ ይቻላል። ለእኔ በዚህ አካባቢ ካሉት ምርጫዎች ሁሉ ይህ ይበልጣል። ስሙ የማይታወቅ መንደር ውስጥ ያለች ባለ አራት ክፍል ማረፊያ ከእናንተ የምታገኘው ገንዘብ ብሌድ ካለ ትልቅ ሆቴል ይልቅ ለውጥ ያመጣል።

ማደሪያና ዋሻ

ማደሪያን በተመለከተ ሦስት ዓይነት ነው የሚያጋጥማችሁ፦ ሆቴል፣ የገበሬ ቤትና በስልክ መተግበሪያ የሚከራይ አፓርታማ። እኔ የገበሬ ቤትን አስቀድማለሁ። አፓርታማው ርካሽ ቢመስልም ብሌድን በመሰለ ትንሽ ከተማ ነዋሪው የሚከራየውን ቤት ያሳጣዋል። ሆቴል ከሆነ «ስሎቬኒያ ግሪን» የሚለውን ምልክት እዩ። ከ2015 ጀምሮ ለከተሞችና ለማረፊያዎች የሚሰጥ ብሔራዊ ምልክት ነው። ምልክቱ ብቻውን አይበቃም፣ ግን ከምንም ይሻላል። የቧንቧ ውኃቸው ይጠጣል፤ ኮዳ ያዙና ፕላስቲክ አትግዙ።

ዋሻ ለማየት የፖስቶይናና የሽኮትሲያን ዋሻዎች ይነጻጸራሉ። ፖስቶይና ውስጥ ከ1872 ጀምሮ ባቡር አለ፣ ለልጆችና ለአዛውንት ይመቻል፣ ሰው ግን ይበዛበታል። ሽኮትሲያን ከ1986 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። ወንዝ መሬት ውስጥ ሲገባ ታያላችሁ፣ በእግር ነው፣ ደረጃውም ብዙ ነው። ጉልበቱ ለሚችል ሽኮትሲያን። በሁለቱም ግድግዳውን አትንኩ። የመብራት ሙቀትና ብርሃን ብቻውን እንኳ ዋሻ ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ያበቅላል።

መቼ?

ከቻላችሁ ጁን ወይም ሴፕቴምበር። የትምህርት ቤት ዕረፍት ካስገደዳችሁ የሳምንቱን መሀል ምረጡ፣ ቅዳሜና እሑድን ለአገሬው ሰው ተዉለት። ክረምታቸው ላይ ለስኪ የሚሄድ ይኖራል። ዝቅ ያሉት የስኪ ቦታዎች በረዶ ስለሚያጡ በውኃና በመብራት ነው የሚያመርቱት። በረዶ የግድ ካልሆነባችሁ ለሐይቁና ለሸለቆው የሜይ መጨረሻ በቂ ነው። ሜይ 20 ዓለም አቀፍ የንብ ቀን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት በ2017 የወሰነው በስሎቬኒያ ጥያቄ ነው። እነሱም እንደኛ ማር ወዳድ ናቸው። የቀፎዎቻቸውን ፊት በሥዕል ያስጌጣሉ። ስጦታ ለመግዛት ካሰባችሁ ማግኔት ትታችሁ ከንብ አርቢው ማር ግዙ።

ከአዲስ አበባ ወይም ከአሜሪካ የምትመጡ አንድ ነገር ላክልላችሁ። ከጉዞው ሁሉ አየሩን ይበልጥ የሚበክለው በረራው ነው። የቧንቧ ውኃ መጠጣት ይህን አያካክሰውም። በአምስት ቀን ቪየናን፣ ስሎቬኒያንና ክሮኤሺያን ከመሮጥ አንዱን መርጦ አስር ቀን መቀመጥ ይሻላል።

ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ሻንጣ ይዞ ቦታ መቀያየር ያደክማቸዋል። ሉብሊያና አንድ ማደሪያ ያዙ። ከተማዋ በ2016 የአውሮፓ አረንጓዴ መዲና ተብላ ነበር። መሀሏ ከ2007 ጀምሮ ለመኪና ዝግ ነው። ካቫሊር የሚባሉ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች በእግረኛው መንገድ ላይ ቀስ እያሉ ሰው በነጻ ያደርሳሉ፤ እጅ ማሳየት ይበቃል። ብሌድ በአውቶቡስ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። በሥራ ቀን፣ ጠዋት በመጀመሪያዎቹ አውቶቡሶች ሂዱ፣ እናትን በፕሌትና አሻግሯቸው፣ 99ኙን ደረጃ ቀስ ብላችሁ አብራችኋቸው ውጡ። ምሳችሁን እዚያው በልታችሁ ከሰዓት ተመለሱ።